ወንበሩ የማን ነው?

የሜምፊቦስቴን ስብከት ያልሰማ የኅብረት ልጅ ያለ አይመስለኝም። ሁለት እግሩ ሽባ የሆነው የዮናታን ልጅ (ቃሉ የመጽሐፉ ነው) በሎዶባር በሰው ቤት ተጠግቶ ይኖራል። ንጉሥ ዳዊት ያስጠራዋል፤ የአያቱን የሳኦልን መሬት ይመልስለታል፤ ከገዛ ልጆቹ እንደ አንዱ አድርጎ በማዕዱ ያስቀምጠዋል። እዚህ ላይ ሰባኪው ድምፁን ከፍ ያደርግና «ሜምፊቦስቴ ማለት አንተ ነህ! ሜምፊቦስቴ ማለት አንቺ ነሽ!» ይላል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ከኋላ ቀስ ብሎ ይጀምራል። አሜን እንላለን። ስብከቱም 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 9 ላይ ያበቃል።

ታሪኩ ግን እዚያ አያበቃም። ምዕራፍ 16ን አውጡና አንብቡ። ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ ተራራውን ጥቂት እንዳለፈ ሲባ መንገድ ላይ ይቀበለዋል። ሲባ የሳኦል ቤት ሎሌ የነበረ፣ በኋላም የሜምፊቦስቴን መሬት እንዲያርስ የታዘዘ ሰው ነው፤ አሥራ አምስት ልጆችና ሃያ አገልጋዮች ነበሩት። የተጫኑ አህዮች፣ ሁለት መቶ እንጀራ፣ ዘቢብና ወይን ጠጅ ይዞ ቀረበ። ንጉሡ የጌታህ ልጅ የት አለ ብሎ ሲጠይቀው፣ መንግሥቱ ይመለስልኛል ብሎ ኢየሩሳሌም ተቀምጧል አለ። ዳዊት አንድ ቃል ሳያጣራ የሜምፊቦስቴን ሀብት በሙሉ ለሲባ ሰጠው።

ምዕራፍ 19 ላይ ንጉሡ ይመለሳል። ሜምፊቦስቴ ሊቀበለው ወጣ። ንጉሡ ከሄደበት ቀን ጀምሮ እግሩን አልተንከባከበም፣ ጢሙን አላበጀም፣ ልብሱን አላሳጠበም። አህያ ጭኜ ልከተልህ አስቤ ነበር፣ መራመድ ስለማልችል ሎሌዬ አታልሎኝ ሄደ፣ በአንተም ዘንድ ስሜን አጠፋው አለ። የንጉሡ ፍርድ ምን ሆነ? ነገር አታብዛ፣ መሬቱን ከሲባ ጋር ተካፈሉት የሚል ነው። ከስም አጥፊው ጋር እኩል!

ልብ በሉ፤ ሜምፊቦስቴ እንጀራ አልጎደለውም። በየቀኑ ከንጉሥ ጋር ይበላ ነበር። ነገር ግን አህያውን የሚጭነው ሲባ ነው፤ መሬቱን የሚያዝበት ሲባ ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣም በንጉሡ ፊት ቀርቦ ስለ እሱ የተናገረው ሲባ ነው። ማዕድ ነበረው፣ አፍ አልነበረውም። ለዚህም ነው የብዙ ዓመት ቸርነት በአንድ ሰው ወሬ በአንድ ቀን የተነነው።

ይህ ጽሑፍ በሲባ ላይ ነው። ሲባ ስል ግን አታላዩን ብቻ ማለቴ አይደለም። ደግ ሲባም አለ። አካል ጉዳተኞችን ወክሎ ስብሰባ የሚቀመጥ፣ በስማቸው ሪፖርት የሚጽፍ፣ በስማቸው ገንዘብ የሚያሰባስብ፣ በስማቸው እያለቀሰ የሚጸልይ፣ ከእነሱ አንዱን ግን በዚያ ወንበር ላይ አንድ ቀን እንኳ የማያስቀምጥ ሰው ሁሉ ደግ ሲባ ነው። በመንግሥት ቤት አለ፣ በእርዳታ ድርጅት አለ፤ በእኛ በወንጌላውያን አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ሞልቷል።

«እንዲህ ያለው ነገር ለሀብታም አገር ነው» የሚል ካለ ጎረቤቶቻችንን ይመልከት። በዩጋንዳ ፓርላማ አምስት መቀመጫዎች የአካል ጉዳተኞች ተወካዮች ናቸው፤ ከአምስቱ ቢያንስ አንዷ ሴት መሆን አለባት። ሩዋንዳ በተወካዮች ምክር ቤቷ አንድ መቀመጫ ለይታለች። ኬንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት በሴኔቱ ሁለት መቀመጫዎችን፣ አንዱን ለወንድ አንዱን ለሴት፣ ለአካል ጉዳተኞች ሰጥታለች። ከ2022ቱ ምርጫ በኋላ የሴቷን መቀመጫ የያዙት ክሪስታል አሲጌ ናቸው። ሙያቸው ሙዚቃ ነበር። ግላኮማ የዓይናቸውን ብርሃን የወሰደው ገና በወጣትነታቸው ነው። ሴኔት ገብተው ስለ ማየት የተሳናቸው ሰዎች ችግር ልብ የሚነካ ንግግር አድርገው አልተቀመጡም፤ የአገሪቱን የአካል ጉዳተኞች ሕግ እንደ አዲስ የሚጽፍ ረቂቅ አቀረቡ፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ሕግ ሆነ።

የሚያይ ሰው ይህን ረቂቅ ማቅረብ አይችልም ነበር ወይ? ይችላል። ደግ ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን የባንክ ቅጽ ሌላ ሰው ሲሞላልህ የሂሳብህን ቁጥር ጮክ ብለህ ለመናገር መገደድ ምን እንደሆነ፣ ሐኪሙ በሽታህን ለአንተ ሳይሆን ይዞህ ለመጣው ልጅ ሲነግረው ምን እንደሚሰማ፣ ይህን ደግ ሰው በሕልሙም አያስበውም። ያላሰበውን ደግሞ ሕግ ውስጥ አያስገባውም።

ወደ እኛ እንምጣ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 54 ከ550 በማይበልጠው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች ከ20 የማያንስ መቀመጫ ይለያል። መልካም ነው። ለአካል ጉዳተኞች የለየው መቀመጫ ግን የለም። አካል ጉዳተኞች የሚነሡት አንቀጽ 41 ላይ፣ ከአረጋውያንና ወላጅ ካጡ ሕፃናት ጋር ተደርድረው፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን እንክብካቤ እንደሚያደርግላቸው ሲነገር ነው። ይህ በ1987 ዓ.ም. የተጻፈ ነው። የዳዊት ማዕድ ብላችሁ ጥሩት።

ከዚያ በኋላ የተሻሉ ሕጎች ወጥተዋል፤ ይህን መካድ ውሸት ይሆናል። በ2000 ዓ.ም. የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568 ወጣ። በ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለሚቸግራቸው ሰዎች መግቢያ እንዲኖረው አዘዘ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 ተቀበለች። የዚህ ስምምነት አንቀጽ 29 መምረጥን ብቻ አይልም፤ መመረጥን፣ ሥልጣን መያዝን፣ በየደረጃው የሕዝብ ሥራ መሥራትን ይላል። ይህን ከፈረምን እነሆ ብዙ ዓመታችን። አሁን ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉትን የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች፣ ፎቅ ላይ የወጡትን ቢሮዎች፣ የራሳችንንም አዳራሾች በዓይነ ኅሊናችሁ ዙሩና ስንቱ ደረጃ ብቻ እንዳለው ቁጠሩ። (አዳራሻችን ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ አይደለም የምትል ቤተ ክርስቲያን ካለች ለማን እንደሠራችው ትንገረን።)

እንደዚህ ያሉ ሕጎች እንዲወጡ፣ ከወጡም በኋላ መደርደሪያ ላይ እንዳይቀሩ ብዙ ሰዎች ደክመዋል። ከሁሉ ይልቅ ስማቸው የታወቀው ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ ናቸው። በ1974 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ ሳይንት ተወለዱ፤ በአምስት ዓመታቸው ዓይናቸውን አጡ። (ሜምፊቦስቴም ከሞግዚቱ እጅ ወድቆ እግሩ የተሰበረው በአምስት ዓመቱ ነው።) የአካባቢው ሰው ይህን እንደ ቁጣ ቆጠረው። እሳቸው ግን ዓይነ ስውር መሆናቸው ከልጅነት ጋብቻ አስጥሎ ትምህርት ቤት እንዳስገባቸው በአደባባይ ተናግረዋል፤ ሙሽራ አድርጎ የሚወስዳት ስላልተገኘ ልጅቷ ተማሪ ሆነች። ሻሸመኔ በሚገኘው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ከዚያ አዲስ አበባ ከሚያዩ ልጆች ጋር ቀጠሉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠኑ፤ እዚያው የሴት ተማሪዎችን ማኅበር መሠረቱና መሩ። በ2005 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ጋር ሆነው አካል ጉዳተኞችን ከልማት ሥራ ሁሉ ጋር ለማገናኘት የሚሠራ ማዕከል አቋቋሙ። በ2017 እ.ኤ.አ. «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

ሽልማቱ ከስዊድን መጣ። ጥሩ። ነገር ግን እንዲህ ያለች ሴት ነገ ከጃቢ ጠህናን ገጠር ብትነሣ የምክር ቤት ወንበር የምታገኝበት የተቆረጠ መንገድ የለም። የፓርቲ ሰዎች ደስ ካላቸው ያቀርቧታል፣ ካላላቸው አያቀርቧትም። ጉዳዩ ከመብት ወጥቶ የደግ ሲባ ውለታ ይሆናል።

ስማቸውን ደግሞ እዩት፤ የት ነበርሽ? ይህን ጥያቄ እኔ ለቤተ ክርስቲያን አቀርበዋለሁ። አንቺስ የት ነበርሽ?

ምንም አልሠራችም አልልም። ሆሳዕና ላይ መስማት የተሳናቸው ልጆች የተማሩበት ትምህርት ቤት የመካነ ኢየሱስ ነው፤ ማንም ሊክደው የማይችል ሥራ ነው። ነገር ግን በየአጥቢያችን፣ በየሳምንቱ ምን እንደምናደርግ እንነጋገር።

አካል ጉዳተኛ አዳራሻችን ሲገባ አስተናጋጁ የት ይወስደዋል? ወደ ፊት። ለምን? ሊጸለይለት። በሚቀጥለው ጉባኤም ወደ ፊት። እንግዳ አገልጋይ በመጣ ቁጥር ወደ ፊት። በክራንች የምትሄድ አንዲት እህት በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ «ክራንቹን ጣይው» እንደምትባል ቁጠሩ። ጌታ ይፈውሳል፤ ይህን የማያምን ሰው ለዚህ መጽሔት አይጽፍም። ነገር ግን የሐዋርያት ሥራ የሚነግረን በመልካም በር ስለተቀመጠው አንድ ሰው እንጂ፣ ያንኑ ሰው በየእሑዱ መድረክ ላይ ስለሚያወጣ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። ሳይፈወስ ሲቀር ደግሞ ዕዳው የማን ይሆናል? የእሱ። «እምነት ጎድሎት ነው።» መድረክ ላይ አውጥቶ በሕዝብ ፊት ያቆመው አገልጋይ መኪናው ውስጥ ገብቶ ወደ ባሕር ዳር ይመለሳል፤ ልጁ ግን ሁለት ጉዳት ተሸክሞ ወደ መንደሩ ይገባል። ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ጸጋዬ ይበቃሃል የሚል መልስ እንደተቀበለ እናውቃለን። ለጳውሎስ እምነት ጎድሎት ነው ያለ ሰባኪ ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ከዚህ የሚብሰው የዘር መርገም ስብከት ነው። የእኛን አገር ገጠር የሚያውቅ ሰው ዝሆኔን ያውቃል፤ የእግር ማበጥ ነው። የሚመጣው በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት ከመሄድ ነው። ከድሮ እሳተ ገሞራ የተገኘው አፈር ጥቃቅን ቅንጣት በቆዳ ውስጥ ገብቶ የእግሩን ፈሳሽ መተላለፊያ ይጎዳል። ጎጃም ይህ ሕመም ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። መከላከያው ጫማና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። በአንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ ስለሚበዛ ጎረቤት ዘራቸው ነው ይላል፤ በዚያ ቤት ልጅ አይዳርም። እኛስ ምን እንላለን? እርግማን እንሰብራለን። ጎረቤት በለሆሳስ ያለውን እኛ በማይክሮፎን እናጸናለታለን። ትራኮማም እንደዚያው ነው። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ከጸናባቸው አካባቢዎች የሚቆጠር ነው፤ ፊት ያለመታጠብ፣ የንጹሕ ውኃ እጦት፣ ዝንብ፣ ወደ ውስጥ የሚቀለበስ ሽፋሽፍት፣ በመጨረሻም መታወር። እናታችን ዓይኗን ያጣችው አያቷ ጣዖት ስላመለከች አይደለም። ጌታ ራሱ በዮሐንስ 9 ላይ ማን ኃጢአት ሠራ፣ እሱ ወይስ ወላጆቹ ብለው ለጠየቁት ደቀ መዛሙርት ሁለቱም አይደሉም ብሎ ዘግቶታል። የዘጋውን በር የምንከፍተው እኛ ማን ነን?

ይህ ሁሉ ከወንበሩ ጋር ምን አገናኘው ትሉኛላችሁ። ብዙ ያገናኘዋል። መርገም ነው፣ እምነት ጎድሎታል የተባለ ሰው ገንዘብ ያዥ አይደረግም፤ ሽማግሌ አይባልም፤ ለምክር ቤት ዕጩ ሁን አይባልም። ሰውየውን ከወንበር የሚያስቀረው ደረጃው ብቻ ቢሆን ግንበኛ ይበቃን ነበር።

«ማየት የማይችል ሰው እንዴት ይመራል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ጎጃሜ ኬንያ ድረስ መሄድ የለበትም። ይህ የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራና ጎንጅ የሚገኙት እዚሁ ጎጃም ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ትምህርቱ በቃል ስለሚያዝ ዓይነ ስውር ተማሪ ከሌላው አላነሰም፤ ተምሮ ሲጨርስም ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። «ወንበር» የሚለው ቃል በዚህ አገር የመቀመጫ ስም ብቻ አይደለም፤ የሊቅ ሥልጣን ነው። የጎጃሙ ተወላጅ አለቃ አያሌው ታምሩ በልጅነታቸው ዓይናቸውን ያጡ ሰው ነበሩ፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሊቃውንት ጉባኤ ሰብሳቢነት ድረስ ደርሰዋል። እኒህ ሰው የእኛን ትምህርት በብርቱ ሲቃወሙ የኖሩ ናቸው፤ ወንጌላውያንን ደግፈው የጻፉት አንድ መስመር እንኳ አታገኙም። እኔም በብዙ ነገር ከእሳቸው ጋር አልስማማም። ነገር ግን ሐቁ ሐቅ ነው፤ ያቺ ቤተ ክርስቲያን ዓይነ ስውር ልጇን በሊቃውንቷ ወንበር ላይ አስቀመጠች፣ ሲናገርም ሰማችው። እኛ የነፃነት ወንጌል ሰባኪዎች ነን የምንለው በአጥቢያችን ሽማግሌዎች መካከል ዓይነ ስውር ስንት አለን? በኳየሩ ውስጥስ? በወጣቶች ኮሚቴ ውስጥስ? መልሱን እያንዳንዱ ኅብረት ለራሱ ይስጥ።

ሙሴ አፌ ኮልታፋ ነው፣ ምላሴ ጸያፍ ነው ብሎ ሲከራከር እግዚአብሔር እንግዲያው ተቀመጥ፣ በየወሩ ስንዴ ይሰፈርልሃል አላለውም። ሥራውን አልነጠቀውም። አሮንን ሰጠው፤ አሮን አፍ ሆነ፣ መሪው ግን ሙሴ ነው። ዛሬ የሕግ ሰዎች «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» የሚሉት ይህንን ነው። ለዓይነ ስውር አንባቢ፣ መስማት ለተሳናት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ፣ ለተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ። በአሮንና በሲባ መካከል ያለውን ልዩነት የያዘ ሰው ነገሩን በሙሉ ይዞታል። አሮን የሙሴን ቃል ተሸክሞ ይሄዳል። ሲባ የራሱን ቃል የሜምፊቦስቴ ነው ብሎ ያቀርባል። የምርጫ ሕጋችንም (አዋጅ ቁጥር 1162/2011) ይህን ያህል ገብቶታል፤ ድጋፍ የሚያስፈልገው መራጭ ረዳቱን ራሱ ይመርጣል።

አንዳንድ ወንድሞች ደግሞ «ኮታ መንፈሳዊ አይደለም፤ ጌታ የጠራውን ያስቀምጣል» ይሉናል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ያንብቡልኝ። የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለታዊው እደላ ችላ ተባሉ፤ ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያት ቀላሉን መንገድ ሊይዙ ይችሉ ነበር፤ ራሽኑን ጨምሩላቸው፣ ይቅርታ ጠይቋቸው፣ ጸልዩላቸው ብለው ነገሩን መዝጋት። አላደረጉትም። ሰባት ሰዎች ተመረጡ፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። የቀደመችው ቤተ ክርስቲያን ችላ ለተባሉት ወገኖች እንጀራ ጨምራ አልተወችም፤ የእደላውን ወንበር ራሱን ለእነሱ ሰጠች። ኮታ በሉት ሌላ ስም ስጡት፣ መንፈስ ቅዱስ የሞላባቸው ሰዎች ያደረጉት ይህን ነው። እስጢፋኖስም ወንበሩን ያገኘው በዚያ መንገድ በመሆኑ መንፈሱ አላነሰም።

ደግሞስ ይህን ነገር እኛ፣ የምዕራብ ጎጃም ወንጌላውያን፣ ሌላ ሰው እስኪያስረዳን መጠበቅ ነበረብን? በፍኖተ ሰላምም በቡሬም ጥቂቶች ነን፤ ወደ ገጠሩ ሲገባ ደግሞ በጣት የምንቆጠር። በሌለንበት ስለ እኛ ሲወራ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ከእድር የመገለልን ትርጉም፣ የመቃብር ቦታ ፍለጋን፣ «እነሱ እኮ እንዲህ ናቸው» ተብሎ ሲደመደም በዚያ ስብሰባ ላይ አንድ የእኛ ሰው አለመኖሩን እናውቃለን። ጥቂት መሆን የሚያስተምረውን ይህን ትምህርት ቤት የተማረ ሕዝብ በገዛ አዳራሹ ውስጥ ሌላ ጥቂትን ዝም ሲያሰኝ ማየት ያሳፍራል።

ነገሩ የሚቸኩልበት ሌላ ምክንያት አለ። ሜምፊቦስቴ ሲወለድ አካል ጉዳተኛ አልነበረም። የሳኦልና የዮናታን የሞት ወሬ ከጦር ሜዳ ሲደርስ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወደቀባት። እግሩን የሰበረው ጦርነት ነው። ክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በምን ውስጥ እንዳለ ለእናንተ አልነግራችሁም። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰው ፍንዳታ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸው ተዘግቧል፤ ስሟ የሰላም መንገድ የሆነ ከተማ! ማን ጀመረ፣ ማን በደለ የሚለውን መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። ነገር ግን የሞቱት ሲቆጠሩ የቆሰሉት አብረው አይቆጠሩም። እግሩን ያጣ ገበሬ፣ የመስማት ኃይሏን ያጣች ተማሪ፣ ሌሊት የሚጮህ ልጅ፣ እነዚህ ሁሉ በሚቀጥሉት አርባና ሃምሳ ዓመታት ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ስለ ጡረታቸው፣ ስለ ሰው ሠራሽ እግራቸው፣ ስለ ትምህርታቸው የሚወስን ስብሰባ ይኖራል። በዚያ ስብሰባ ላይ ከእነሱ ማን ይቀመጣል?

«እኛ ዘንድ እኮ አካል ጉዳተኛ የለም» የሚል ኮሚቴ አጋጥሞኛል። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራም ከኢትዮጵያ ሕዝብ አካል ጉዳተኛው ከመቶ አንድ ገደማ ነው ብሎ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከዓለም ሕዝብ ከመቶ 16 ገደማው አካል ጉዳት አለበት ይላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው የተለየ ጤና ስለሰጠው አይደለም። ቆጣሪው ደጃፍ ላይ ቆሞ በቤት ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ ወይ ሲል ቤተሰቡ የለም ይላል፤ ልጅቷ ጓዳ ናት። የኅብረቱ ኮሚቴ «የለም» ሲልም ያንኑ ማለቱ ነው። ጓዳውን አላየም።

ስለዚህ ዝርዝር እቅድ አላወጣላችሁም፤ አንድ ነገር ብቻ። ብዙ ኅብረቶች በአዲስ ዓመት ኮሚቴ ይመርጣሉ። ከምርጫው በፊት ባሉት ሳምንታት ለጉብኝት ስትወጡ፣ ጅጋም ይሁን ማንኩሳ፣ ቡሬ ከተማም ይሁን ከዚያ ወዲያ ያለው ገጠር፣ ጓዳ ያለችውን ጠይቁ። ስትገኝ አትጸልዩላት፤ ማለቴ፣ በመጀመሪያ አትጸልዩላት። ስሟን ጠይቁ፤ ምን ማድረግ እንደምትችል፣ ምን እንደምትፈልግ ራሷ ትንገራችሁ፤ እናቷ እንድትመልስላት አትፍቀዱ። የምርጫውን ስብሰባ ደረጃ በሌለበት ክፍል አድርጉት፤ ከሌለ ዛፍ ሥር። የባጃጁን ሂሳብ ከኅብረቱ ካዝና ክፈሉ። የዕጩዎቹን ስም ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ መስማት የተሳነው ካለ ጽፋችሁ አሳዩ። ከተመረጠችም «የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ ኃላፊ» የሚል ወንበር ፈጥራችሁ ጥግ አታስይዟት። ጸሐፊ ትሁን፤ ገንዘብ ያዥ ትሁን፤ ሒሳብ ካጎደለች እንደማንኛውም ሰው ትጠየቅ። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ልማዳችን ተመራጮች ወደ መድረክ ወጥተው እንዲፈርሙ ነው። መድረኩ ሦስት ደረጃ አለው፤ መዝገቡን ወደ ተቀመጠችበት ይዛችሁላት ውረዱ።